ከቡይት ራስ ወዲህ ያበሰሉት ሰው

ይህ ታሪክ መጻፍ የሚገባው ስለመሆኑ እርግጠኛ አይደለሁም። መምህራችን ስለማንረሳው አንድ ሰው እንድንጽፍ ሲያዙን፣ አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ወዲያው ዳኛ ስለነበሩት አያቷ ጀመረች። ከፊቴ ያለው ደግሞ ጎርፍ ከወሰደው ድልድይ ላይ ሰው ስላወጣው ጎረቤቱ ይጽፋል። እኔ ግን ደጋግሜ ባስብም የሚመጡልኝ ደጃቸው ላይ ቁጢጥ ብለው ሽሮ የሚያማስሉ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ሽሮ ማማሰል ምን ታሪክ አለው ብዬ ሌላ ሰው ለመምረጥ ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም። ስለዚህ እንዳየሁት እጽፋለሁ። ታሪክ መሆን አለመሆኑን አንባቢ ይፍረድ።

ሰውየው አባባ ታከለ ይባላሉ። ካረፉ ዓመት አልፏቸዋል።

እኔ የጃናሞራ ልጅ ነኝ፤ የተወለድኩት መካነ ብርሃን አካባቢ ነው። ለመሰናዶ ትምህርት ወደ ደባርቅ ስመጣ፣ ከከተማው ጫፍ፣ ወደ ተራራው መግቢያ ወደ ቡይት ራስ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ ከአባባ ታከለና ከባለቤታቸው ከእማማ የሺ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ልጆቻቸው አግብተው ርቀው ሄደዋል። በግቢው የምንኖረው ባልና ሚስቱ፣ ዳማ የምትባል በቅሏቸውና እኔ ነበርን።

አባባ ዕድሜያቸውን የፈጁት በቅሎ በመንዳት ነው። የስሜንን ተራሮች ለማየት የሚመጣውን ፈረንጅ በበቅሎ አስቀምጠው፣ ጓዙን ጭነው፣ ብርድና ዳገት ሳይሉ ሲመላለሱ ኖረዋል። ጉልበታቸው እምቢ ሲላቸው ሥራውን ተዉት። ከዚያ በኋላ ኑሯቸው እንደ ሰፈሩ ሽማግሌዎች ኑሮ ሆነ። ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ መሞቅ፣ ረፋድ ላይ ጠላ ቤት፣ ከሰዓት እንደገና ፀሐይ። ጨው ጠንከር ያለበት ወጥ ይወዳሉ፤ አረቄም ትንሽ ትንሽ ይላሉ። ከሁሉም በላይ ግን ሕመማቸውን መናገር ይወዳሉ። እሾህ ከወጋቸው ሰፈሩ ይሰማል። «ዛሬስ አላድርም፣ ልጆቹን ጥሩልኝ» ብለው ይተኛሉ፤ በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ግድግዳው ሥር ተቀምጠው ሲስቁ አገኛቸዋለሁ።

እማማ የሺ ደግሞ ሌላ ነበሩ። ሲቀመጡ አይቻቸው አላውቅም ብል ብዙ አላጋነንኩም። ዶሮ ሳይጮህ ይነሣሉ። ጓዳቸው መስኮት የለውም፤ እርጥብ እንጨት ሲያነዱ ጭሱ በሩን ሞልቶ ይወጣል፣ እሳቸውም እያሳሉ ከጭሱ መሃል ይወጣሉ። የሚበሉት ባላቸው ከበሉ በኋላ የተረፈውን ነው፤ ያውም ቆመው። «እንዴት አደሩ እማማ?» ስላቸው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይሉኛል። ይህቺን ለማለት ግን መሃል ላይ ትንፋሽ መሰብሰብ ነበረባቸው። ሳሉን «ጉንፋን ነው» ይሉታል። ጉንፋኑ እኔ ወደ ግቢው ሳልገባ የጀመረ ነበር።

ቆይቼ ሳስተውል ሰፈሩ ሁሉ እንዲህ ነበር። ወንዶቹ ሽማግሌዎች ሕመማቸውን ደጅ ላይ ይነጋገሩበታል፤ ይታሹበታል፣ ጠበል ይሄዱበታል። ከዚያ አንድ ቀን አንዱ ድንገት ወድቆ ይቀራል። አሮጊቶቹ ደግሞ እያሳሉ፣ ዓይናቸው እያለቀሰ፣ ወገባቸው እየጎበጠ ብዙ ዓመት ይኖራሉ፤ «አመመኝ» የሚል ቃል ግን ከአፋቸው አይወጣም። ሕመም ለእነሱ እንደ ጓዳ ሥራ ነው፤ ለእንግዳ አይታይም።

ከእለታት አንድ የገበያ ቀን ሳሙና ገዝቼ ስመለስ ባልና ሚስቱን ጤና ጣቢያው በር ላይ አገኘኋቸው። አባባ ጉልበታቸውን ታመው በዳማ ላይ ተቀምጠው መጥተዋል። እማማ የባላቸውን ጋቢና የውሃ ኮዳ ይዘው ከበቅሎዋ ኋላ በእግራቸው ነው የመጡት። በእኛ አገር ባል ሲታመም እንዲህ ነው የሚኬደው፤ እኔም ሌላ ዓይነት አይቼ ስለማላውቅ አልገረመኝም። እማማ በሩ ላይ ግድግዳ ይዘው ሲያስሉ ትቻቸው መሄድ ከብዶኝ አብሬያቸው ቆምኩ።

ሲስተሯ ገና ወጣት ናት። አባባ ፊቷ ሲቀመጡ፣

«የሚያስልዎት እርስዎ ነዎት አባባ?» አለቻቸው።

«እኔስ ጉልበቴን ነው ልጄ። ሌሊቱን ሙሉ ሲጠዘጥዘኝ…»

«ታዲያ በር ላይ የሚያስለው ማን ነው?»

አባባ ዞር ብለው አዩ። «እሷ ናት። ተያት፣ እሷ ሁልጊዜም እንዲህ ናት።»

ሲስተሯ ግን አልተወችም። እማማን አስገብታ ደረታቸውንና ጀርባቸውን አዳመጠች፤ «ይተንፍሱ… እንደገና» እያለች ቆየች። በመጨረሻ ማዳመጫውን ከጆሮዋ አውጥታ፣

«እማማ፣ ሲጋራ ያጨሱ ነበር?» ስትል ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ።

«ኧረ በማርያም! እኔ? ሲጋራ?» እማማ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

«ትንፋሽዎ የአጫሽ ሰው ትንፋሽ ነውና ነው። ጓዳችሁ መስኮት አለው?»

«የለውም» አሉ አባባ።

«እንግዲያው የጓዳው ጭስ ነው። የምሰጣቸው መድኃኒት ያስታግሳል እንጂ የተጎዳውን ሳንባ አይመልስም። አባባ፣ የእርስዎ ጉልበት ይቆያል። እሳቸው ግን ከጭስ ካልራቁ ትንፋሻቸው እያጠረ፣ እያጠረ ይሄድና…»

አልጨረሰችውም። የአባባን ደም ግፊትም ለካች። ከፍ ብሏል፤ ጨውና አረቄ እንዲተዉ ነገረቻቸው። ይህን የሰማት ያለ አይመስለኝም። አባባ የሚያዩት ሚስታቸውን ነበር፤ ብዙ ጊዜ አብሯቸው የኖረን ሰው ገና ያን ቀን የተዋወቁ ይመስል ነበር።

ከጤና ጣቢያው ስንወጣ አባባ እንደ ልማዳቸው እግራቸውን እርካብ ላይ አደረጉ። ከዚያ መልሰው አወረዱት።

«ነይ ውጪ» አሉ።

«የት?»

«በቅሎዋ ላይ።»

«በገበያ ቀን! ሰው ምን ይላል? ደግሞ የታመሙት አንቱ…»

«የታመምሽው አንቺ ነሽ የሺ። ልጅቷ ስትናገር አልሰማሽም?»

እማማ ተከራክረው ተከራክረው፣ ሰው መሰብሰብ ሲጀምር ከዚያ ለማምለጥ ሲሉ ወጡ። እኔ ደግፌ አወጣኋቸው። ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናነቡ። አባባ እያነከሱ ልጓሙን ይዘው ፊት ፊት ሄዱ።

ሽማግሌዎቹ ከሚሞቁበት ግድግዳ ስንደርስ አያ በላይ ብድግ አሉ። አያ በላይ የአባባ የሥራ ጓደኛ የነበሩ፣ እሳቸውም በቅሎ ነጂ፣ አንደበታቸው የማያርፍ ሰው ናቸው።

«አንተ ታከለ! ፈረንጅ አገኘህ እንዴ?»

«አዎ፣ አገኘሁ።»

«ከየት አገር ናት?»

«ከጓዳ ነው የመጣችው» አሉ አባባ፣ ሳይቆሙ።

«ኧረ! እስከ የት ነው የምትወስዳት?»

«እስክትተነፍስ ድረስ።»

ግድግዳው ሥር ያሉት ሁሉ ሳቁ። እማማ ግን ቤት እንደደረስን «ከእንግዲህ በዚህ መንገድ አላልፍም» ብለው በሩን ዘግተው ተቀመጡ።

ከሁሉ የከበደው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። በማግስቱ ጠዋት እማማ ሲነሡ አባባን ጓዳ ውስጥ፣ ምድጃው ፊት ተንበርክከው እሳት ሲያራግቡ አገኟቸው። ጩኸታቸውን ሰምቼ ሮጥኩ። ሌባ የገባ ነበር የመሰለኝ።

«ምን ነካዎት? ይውጡልኝ! ስሜን አያጥፉብኝ!»

«ገንፎ ነው የምሠራው። ምን አጠፋሁ?»

«ነገ የሺ ባሏን ጓዳ ከታ ተኛች ነው የምባለው!»

«ስምሽ ይጥፋ፤ አንቺ ትረፊ» አሉ አባባ።

እማማ ማማሰያውን ነጥቀው አለቀሱ። ለባላቸው ያደሩት ለጥቅም እንዳልሆነ፣ ድሃ ሲሆኑም አብረዋቸው እንደኖሩ፣ አሁን በስተርጅና የቀራቸው ስማቸው ብቻ እንደሆነ እያሳሉ ተናገሩ። አባባ እስኪጨርሱ ሰሟቸው። በማግስቱ ግን ቀድመዋቸው ተነሡ።

ለብዙ ቀን በዚያ ግቢ ማን ቀድሞ ምድጃው ጋ ይደርሳል የሚል ሽቅድምድም ሆነ። አባባ ክብሪቱን ደበቁ። እማማ ከጎረቤታቸው ከእትዬ ሙሉ በገል ፍም ይዘው መጡ። አባባ እትዬ ሙሉ ደጅ ሄደው «እሳት እንዳትሰጫት» አሉ።

«እሳት ይከለከላል እንዴ አያ ታከለ? ነውር አይደለም?»

«ለእሷ መርዝ ነው።»

«ታዲያ እንጀራችሁን ማን ሊጋግር ነው? አንቱ?»

አባባ ወጥ እንጂ እንጀራ አይችሉም። በመጨረሻ እትዬ ሙሉ ራሷ፣ እየሳቀችም እየተቆጣችም፣ እንጀራውን ከራሷ ቤት እየጋገረች ልታመጣ ተስማማች። ወጡ ግን የአባባ ሆነ።

ማብሰል ከየት እንደተማሩ ስጠይቃቸው እንዲህ አሉኝ።

«እኛ በቅሎ ነጂዎች ሁላችን እናበስላለን ልጄ። ተራራ ላይ ሚስት የለች። ቂጣ እንጋግራለን፣ ሽሮ እንሠራለን፤ የበላይን ሽሮ ብትቀምሺ ጣትሽን ትበያለሽ። ስንመለስ ታዲያ ቡይት ራስ ላይ ድስቱን አጥበን ከጭነቱ ሥር እንሸጉጠዋለን። ከቡይት ራስ ወዲህ ወንድ አያበስልም።»

«ማን ነው እንዲህ ያለው አባባ?»

አሰቡበት። «ማንም አላለም። ሲደረግ አየን፣ አደረግን።»

ጓዳው ውስጥ ማብሰሉ እሳቸውንም ያፍናቸው ስለነበር፣ ተራራ ላይ እንደሚያደርጉት ሦስት ድንጋይ ደጅ ላይ ጎለቱ፤ ነፋሱ ጭሱን ወደ መንገዱ እንዲወስደው አድርገው። ያ ደግሞ ለእማማ ከሁሉ የባሰ ነበር። «ካልቀረ እንኳ ተደብቀው አይሠሩም?» ብለው ለመኗቸው። አላፊ አግዳሚው ይቆማል። «አያ ታከለ፣ ሚስትዎ ሞተች እንዴ?» ይላል አንዱ። «እንዳትሞት ነው» ይላሉ አባባ፣ ቀና ሳይሉ።

እማማ መጀመሪያ አልበላም አሉ። አባባ ሳህኑን ፊታቸው አስቀምጠው መደቡ ላይ ተቀመጡ።

«ይብሉ እንጂ» አሉ እማማ።

«ካንቺ በፊት አልበላም።»

«ሲያደርጉ የኖሩትን?»

«ሳደርግ የኖርኩትን።»

ሽሮው ቀዘቀዘ። አንዳቸውም ንቅንቅ አላሉም። እኔ ደብተሬን ይዤ በሩ ጋ መግባት መውጣት አቅቶኝ ቆሜያለሁ። በመጨረሻ እማማ አንዲት ጉርሻ ቆርሰው አኘኩ፤ ፊታቸውን አኮማተሩ።

«ጨው የለውም።»

«ሲስተሯ ከልክላለች።»

«የከለከለችው አንቱን ነው እንጂ እኔን አይደል!»

አባባ ሳቁ። እማማም ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፣ ሳሉ አልፎ እንደገና ሳቁ። ሁለቱን አብረው ሲበሉ መጀመሪያ ያየሁት ያን ዕለት ነው።

የነቢያት ጾም ሲገባ ሌላ ጣጣ መጣ። የእማማ መድኃኒት ጠዋት ከምግብ ጋር የሚወሰድ ነው፤ እሳቸው ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አይቀምሱም። አባባ ወደ ንስሐ አባታቸው ሄዱ። ቄሱ ገና ሲያዩዋቸው፣

«መቼም ታከለ፣ ጾም ሲገባ ያልታመምክበትን ዓመት አላስታውስም። አሁን ደግሞ ምንህን ነው?» አሏቸው።

«ለእኔ አይደለም አባቴ። ለየሺ ነው።»

ቄሱም፣ «የሺ በዕድሜዋ ሙሉ ፈቃድ ጠይቃኝ አታውቅም» አሉ። «ጠርተህ አምጣት። እኔ ራሴ እነግራታለሁ።» ይህን አባባ ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ፤ ሲነግሩኝ ስለ ራሳቸው የተባለውንም አልደበቁም። ሰው ሲስቅባቸው አብረው መሳቅ ያውቁ ነበር።

ክረምቱ ሲቃረብ እማማ የቤተ ክርስቲያኑን ዳገት ሳያርፉ መውጣት ጀመሩ። አልዳኑም፤ ሲስተሯም አይድኑም ብላለች። ግን «ደህና ነኝ» የሚለውን ቃል በአንድ ትንፋሽ ይሉት ነበር። እኔ ለእረፍት ወደ ጃናሞራ ስሄድ ይህን ሁሉ ለአባቴ ነገርኩት። የእኔም እናት ታስላለች። አባቴ ስቆ ስቆ «የደባርቅ ወንድ እንዲህ ሆነ?» አለ። ጓዳ አልገባም። ግን ከመመለሴ በፊት የጓዳውን ግድግዳ ቦርቡሮ መስኮት አወጣለት። ለዚያ መስኮት የማመሰግነው አባቴን ብቻ አይደለም።

በመስከረም ስመለስ አባባ ከስተው ነበር። ያ እሾህ ሲወጋው ሰፈር የሚጠራ ሰው ዝምተኛ ሆኗል። ጥር ላይ አንድ ጠዋት እንጨት ሲሰብሩ ምሳሩን ጥለው ግድግዳውን በእጃቸው ሲደግፉ አየኋቸው። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«አባባ፣ ምን ሆኑ?»

«ዝም በይ፣ አትጩሂ» አሉኝ በሹክሹክታ። «እኔ ከተኛሁ ማን ይነሣል? እሷ ናት የምትነሣው። ጭሱ ውስጥ ተመልሳ ትገባለች።»

ዝም አላልኩም። በዚያው ሄጄ ለእማማ ነገርኳቸው። እማማ አልደነገጡም።

«አውቃለሁ» አሉ። «ጎናቸው የምተኛው እኔ አይደለሁ? ልነሣ ስል ይቆጣሉ።» ከዚያ ነጠላቸውን አጣፉና ወጡ። «አንቱ! በቅሎዋን ይጫኑ። ዛሬ ሁለታችንም እንሄዳለን።»

ዳማ ተጫነች። ማን ይቀመጥ በሚለው ላይ ግን ሊስማሙ አልቻሉም። «አንቺ ውጪ» «አንቱ ይውጡ» ሲባባሉ ፀሐዩ ጠነከረ። በመጨረሻ ማንም ሳይወጣ፣ አንዱ በግራ አንዷ በቀኝ ኮርቻውን ተደግፈው፣ በየጥቂቱ እያረፉ ሄዱ። አያ በላይ ከግድግዳው ሥር ሆነው፣

«ዛሬ ደግሞ የታመመችው በቅሎዋ ናት?» አሉ።

አያ በላይ የአባባን ፊት አይተው ሳቃቸውን ዋጡት። ተነሥተውም ልጓሙን ያዙላቸው፤ እስከ ጤና ጣቢያው አብረው ሄዱ።

ደም ግፊቱ ልባቸውን ጎድቶት ነበር። ወደ ጎንደር ተልከው መድኃኒት ይዘው ተመለሱ፤ እንጨት እንዳይሰብሩ ተነገራቸው። እንጨቱን ከዚያ በኋላ አያ በላይ እየመጡ ይሰብሩ ጀመር። ድስቱን ግን አባባ ለማንም አልለቀቁም። በየካቲት አንድ ጠዋት፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ሳለ፣ ዘንበል ብለው ቀሩ።

በሠልስቱ ቀን እንግዳው ብዙ ነበር። ወንዶቹ ድንኳን ውስጥ ተቀመጡ። የእድሩ ሴቶች እንደ ወጉ ጓዳ ገብተው ትልልቁን ድስት ጣዱ፤ እንጨቱም እርጥብ ነበር። ጭሱ ጓዳውን አልፎ እማማ ከለቀስተኛ ሴቶች ጋር የተቀመጡበትን ክፍል ሞላው። እማማ ባላቸውን ሊያለቅሱ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ሳል ይይዛቸዋል። ስማቸውን ይጀምራሉ፣ አይጨርሱትም። አጠገባቸው ሆኜ ጀርባቸውን ሳሽ ነበር፤ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

ሳሉን ከድንኳኑ የሰሙት አያ በላይ መጡና በቀጥታ ወደ ጓዳው ገቡ።

«አያ በላይ! ወዴት ነው?» አለች እትዬ ሙሉ።

«እሳቱን አጥፉት።»

«ይሄ ሁሉ እንግዳ ምን ይብላ?»

«እኛ እንሠራለን።» ወደ ድንኳኑ ዞረው ጮኹ። «እናንተ ሰዎች! ከመሃላችሁ ሽሮ ማማሰል የማያውቅ በቅሎ ነጂ አለ?»

አንድ ሽማግሌ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ሰው ያያል እኮ በላይ» አሉ።

«ይይ!»

መጀመሪያ አንድ ሰው ተነሣ። ከዚያ ሌላው። ጋቢያቸውን አጣፍተው ድስቱን ለሁለት ተሸክመው ወጡ፤ አባባ በጎለቷቸው ድንጋዮች ላይ ጣዱት። አንዱ እንጨት ይሰብራል፣ አንዱ ሽንኩርት ይከትፋል፣ አያ በላይ ያማስላሉ፤ ቄሶችና ማስቲካ የሚያኝኩ የከተማ ልጆች ሳይቀሩ ቆመው ያያሉ። የሳቀ ሰው አላየሁም።

ጭሱ በነፋሱ ወደ መንገዱ ሄደ። ክፍሉ ቀስ እያለ ጠራ። እማማ አንድ ሁለቴ አስለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ከዚያ ቀና አሉና ባላቸውን በስማቸው፣ በአባታቸው ስም፣ በበቅሏቸው ስም እየጠሩ፣ ድምፃቸው ሳይቆረጥ፣ ጠግበው አለቀሷቸው። ከሰዓት በኋላ እንግዳው በልቶ ድንኳኑ ተነሣ። ቀኑ የካቲት 19 ቀን 2008 ዓ.ም. ነበር።